«ስዕሉን ሳይ ድምፁ ያመልጠኛል» አለኝ ተማሪዬ፤ የኦንላይን ስላይዶቼን ምን ላድርጋቸው?

የአናቶሚ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለጀማሪ የነርሲንግ ተማሪዎች አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ 9 ዓመት ስላስተማርኩት በቃሌ የምወጣው ትምህርት ነው። ባለፈው ዓመት ወደ ኦንላይን ኮርስ ቀየርኩት። ክፍል ውስጥ የምናገረውን ሁሉ ስላይድ ላይ አሰፈርኩ፣ ድምፄን ቀዳሁ፣ በ12 ትምህርት ከፋፍዬ ጫንኩት።

1ኛውና 2ኛው ትምህርት ደህና ናቸው። 3ኛው ስለ ልብ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ብዙዎቹ ይቆማሉ። አቋርጠው ይወጡና በማግስቱ ተመልሰው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፣ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ይወጣሉ። ደውዬ ጠየቅኋቸው። አንዷ «መምህርት፣ ትምህርቱ ከብዶኝ አይደለም፤ ዓይኔን ይደክመኛል» አለችኝ። ሌላው ደግሞ «ስዕሉን ሳይ ድምፁ ያመልጠኛል፣ ድምፁን ስሰማ ስዕሉ ያመልጠኛል» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ከ12ቱም አብልጬ የምወደው የልብን ትምህርት ነው፤ ተማሪ ከእሱ ሲሸሽ ማየት ያመኛል።

ከሁሉም የባሰው 7ኛው ስላይድ ነውና እንዳለ ልግለጽላችሁ። ከኋላ የደረት ራጅ ፎቶ አለ፣ ደብዘዝ አድርጌዋለሁ። መሀል ላይ የልብ ስዕል አለ፤ ስዕሉ ላይ ከ1 እስከ 14 ቁጥሮች ተቀምጠዋል። የቁጥሮቹ ትርጉም በስተቀኝ በዝርዝር ተጽፏል፤ ቦታ ስላነሰኝ ከ9 እስከ 14 ያሉትን ወደ 8ኛው ስላይድ አሻግሬያቸዋለሁ። ደም ቅዳ ቀይ፣ ደም መልስ ሰማያዊ ነው። ርዕሱ ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ በቀይ ተጽፏል። ከግርጌው በድምፅ የማነበው ጽሑፍ ቃል በቃል አለ። ጥግ ላይ ደግሞ የምትመታ ትንሽ ልብ አድርጌያለሁ፣ ስላይዱ ሕይወት እንዲኖረው ብዬ። ፊደሉ 18 ነው፤ ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል።

የተሻለ ቴምፕሌት የምታውቁ ብትጠቁሙኝ? ወይስ ቀለሙን ነው መቀየር ያለብኝ? ወይስ ለዲዛይነር ልስጠው?

ቪዲዮ አቀናባሪ፦

ሰላም መምህርት። «ኮምፒውተሬ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል» ያልሽው ላይ ነው የቆምኩት። ተማሪዎችሽ የሚያዩት በስልክ ከሆነ ትንሽ ስሌት እንሥራ።

የተለመደው ሰፊው የፓወርፖይንት ስላይድ ወርዱ 33.87 ሴንቲ ሜትር ነው። 18 ነጥብ ፊደል (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ስትዪ በዚያ ወርድ ላይ 18 ነው። ተማሪሽ ስልኩን አግድም ይዞ ሲያይ ቪዲዮው የሚያርፍበት ወርድ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። 18ቱ ወደ 6 ወረደ ማለት ነው። ስልኩን ቁልቁል ከያዘው ደግሞ ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 18ቱ ከ4 በታች ገባ። ስልክ ወደ ዓይን ስለሚቀርብ ትንሽ ይካካሳል፤ ግን 4 ነጥብ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ከሚገባው ወረቀት ያነሰ ጽሑፍ ነው።

በዚህ ላይ የቪዲዮው ጥራት አለ። ኢንተርኔቱ ሲደክም ቪዲዮው ራሱን ወደ 480 ያወርዳል። ያ ማለት ከላይ እስከ ታች ያለው 480 ፒክስል ብቻ ነው። የስላይድሽ ቁመት 540 ነጥብ ስለሆነ ለ18 ነጥብ ፊደል የሚደርሰው 16 ፒክስል ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ በጥቃቅን ነገር ነው። «ሚ» እና «ሜ»ን፣ «ቲ» እና «ቴ»ን የምንለየው በእግርና በቀለበት ነው፤ በ16 ፒክስል ውስጥ ያቺ ቀለበት ሁለት ፒክስል ብታገኝ ነው። ቪዲዮ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው። ከኋላ ፎቶ ካለ ደግሞ የመጨመቂያው ኮታ በፎቶው ላይ ያልቅና ፊደሉ ዙሪያውን ይቆሽሻል።

እኔ ለሚያሠሩኝ ሁሉ ሁለት ነገር እላለሁ። ትንሹ ጽሑፍ 28 ይሁን፣ ቢቻል 32። እና የስላይዱን የታችኛውን አንድ ስድስተኛ ባዶ ተዉት፤ የመጫወቻው ቁልፎችና የግርጌ ጽሑፉ (ሰብታይትሉ) የሚመጡት እዚያ ላይ ነው። አንቺ እዚያ ላይ አንቀጽ አስቀምጠሻል፤ ተማሪው የግርጌ ጽሑፍ ሲከፍት አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል።

ኮርስ አዘጋጅ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቴምፕሌት አትቀይሪ፤ ዲዛይነርም ገና አትጥሪ። ተማሪሽ ሕመሙ የት እንደሆነ ነግሮሻል። እኔ ከዚህ ሥራ ጋር 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ አምረው የማያስተምሩ ስላይዶች ብዙ አይቻለሁ፣ ሳያምሩ በደንብ የሚያስተምሩም አይቻለሁ። ልዩነታቸው አንድ ነው። ጆሮ እየሰማ ሳለ ዓይን ፍለጋ የሚላክ ከሆነ፣ ስላይዱ ተበላሽቷል።

እኔ ይህን ያወቅሁት በራሴ ሥራ ላይ ነው። ስለ ውኃ ፓምፕ ጥገና አንድ ኮርስ አዘጋጅቼ ነበር፤ በጣም ደክሜበታለሁ። የፓምፑ ስዕል ከላይ፣ የክፍሎቹ ስም የሰፈረበት ሠንጠረዥ ከታች። አንድ ቀን ከአንድ ሠልጣኝ አጠገብ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ምንም እንደማልናገር አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። ልጁ ጣቱን ቁጥር 6 ላይ አሳረፈ። ወደ ታች ወረደ። ሠንጠረዡ ውስጥ 6ን ፈልጎ አገኘ፤ ስሙን በለሆሳስ አነበበ። ወደ ላይ ተመለሰ። ስዕሉ ጋ ሲደርስ ጣቱ የት እንደነበር ጠፍቶታል፤ 6ን እንደ አዲስ መፈለግ ጀመረ። በወጣ በወረደ ቁጥር ወረቀቴ ላይ አንድ ጭረት አደርግ ነበር። በአንዲት ገጽ ብቻ 11 ጭረት ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፄ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ስለ ቁጥር 9 እያወራ ነው። ከዚያ ልጁ አቁሞ ዓይኑን አሸ። «ገባህ?» ስለው «አዎ» አለኝ፣ እኔን ላለማሳዘን።

ያን ማታ ሠንጠረዡን አጠፋሁና እያንዳንዱን ስም ከሚመለከተው ክፍል አጠገብ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። በማግስቱ ከሌላ ሠልጣኝ ጋር ስቀመጥ ወረቀቴ ባዶውን ቀረ።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን የትምህርት ሥነ ልቦና ሰዎች በደንብ ደርሰውበታል። ጆን ስዌለር በ1988 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት የጀመረው ሐሳብ፣ አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ትንሽ ነው፤ ከዚያች ትንሽ ላይ ለፍለጋ የሚወጣው ሁሉ ከመረዳት የተቀነሰ ነው የሚል ነው። ሪቻርድ ሜየር ደግሞ ሥዕልና ቃል አብረው ሲቀርቡ ሰው እንዴት እንደሚማር ለረጅም ዓመታት ፈትኗል። ስሙ ከስዕሉ አጠገብ ሲሆን ተማሪ የበለጠ እንደሚረዳ፣ ከትምህርቱ ጋር የማይገናኝ ጌጥ ሲወጣ ደግሞ የበለጠ እንደሚይዝ ሙከራዎቹ ደጋግመው አሳይተዋል።

አሁን ወደ 7ኛው ስላይድሽ ልምጣ።

14ቱ ቁጥሮች ይውጡ። ይህ ከሁሉም የሚቀድም ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስጂ ከሆነ ይህን ውሰጂ። 6ቱ ቁጥሮች ትርጉማቸው በሌላ ስላይድ ላይ ነው ብለሻል፤ ያ እኮ ተማሪው ስዕሉን በቃሉ ይዞ እንዲሻገር መጠየቅ ነው። ስሙን እዚያው ክፍሉ ላይ ወይም በአጭር መስመር ከአጠገቡ ጻፊ። «14 ስም አይበቃልኝም» ካልሽ ልክ ነሽ፣ አይበቃም። ይህ ማለት ግን ፊደሉን አሳንሺ ማለት ሳይሆን አንድ ስክሪን ላይ 14 ነገር ለማስተማር እየሞከርሽ ነው ማለት ነው። ስላይድ እንደ ወረቀት አያልቅም። ክፈይው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። 1ኛው ስክሪን ላይ የልቡ ቅርጽና አራቱ ክፍሎች ብቻ። 2ኛው ላይ ደም ከሰውነት ተመልሶ ወደ ቀኙ ሲገባ። 3ኛው ላይ ከቀኝ ወደ ሳንባ ሲሄድ። 4ኛው ላይ ከሳንባ ወደ ግራው ሲመለስ። 5ኛው ላይ ከግራ ወደ ትልቁ ደም ቅዳ፣ ወደ አኦርታ ሲወጣ። 6ኛው ላይ ሁሉም ስም ያለበት ሙሉ ስዕል፣ ያለ ድምፅ፣ ተማሪው ቆሞ እንዲያጠናው። አንድ ነገር አጥብቀሽ ያዢ፦ ልቡ በስድስቱም ስክሪን ላይ መጠኑም ቦታውም አንድ ይሁን። በአንዱ ትንሽ ወደ ግራ፣ በሌላው ትንሽ ትልቅ ከሆነ ዓይን ምን እንደተቀየረ ይፈልጋል። የምትናገሪበት ክፍል ብቻ ቀለም ይኑረው፤ የቀረው ግራጫ ሆኖ ይቆይ። ያኔ ጣትሽን ስክሪኑ ላይ እንዳሳረፍሽ ነው።

ከስላይዱ ግርጌ ያለው አንቀጽ። ሰው ድምፅሽን ከሚሰማው በላይ ፈጥኖ ያነባል። አንቺ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርሺ እሱ ጨርሷል፤ ወይም ድምፁንና ጽሑፉን ለማስታረቅ ይታገላል፤ ስዕሉን የሚያየው ግን የለም። የምትናገሪውን ቃል በቃል ስክሪን ላይ መጻፍ ትጋት ይመስላል፣ እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ስክሪኑ ላይ መቅረት ያለበት ስሙና አዲሱ ቃል ነው። ሆኖም ጽሑፉን አትጣይው። መስማት ለሚቸግረው፣ ወይም ድምፅ መክፈት በማይችልበት ቦታ ለሚማር ያስፈልጋል። ተማሪው ሲፈልግ የሚከፍተው ሳይፈልግ የሚዘጋው የግርጌ ጽሑፍ አድርጊው።

ራጁ ይውጣ። የምትመታዋም ልብ ትውጣ። ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሳይወድ ይሄዳል፤ ተፈጥሮው ነው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ የተባለው ተቋም የተደራሽነት መመሪያ አለው። በዚያ መሠረት ከሌላ ይዘት ጎን በራሱ ጀምሮ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ተማሪው ሊያስቆመው መቻል አለበት። ልቧን ካልጨከንሽባት ስለ ልብ ምት የምታስተምሪበት ስክሪን ላይ መሀል አስቀምጫትና ስለ እሷ ተናገሪ፤ ያኔ ሥራ አላት።

ሰማያዊ ላይ ያለው ቀይ ርዕስ። መመሪያው የጽሑፍና የመደቡን የብርሃን ልዩነት በቁጥር ያስቀምጣል፤ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ነው። ንጹሕ ቀይ በንጹሕ ሰማያዊ ላይ ግን 2 ትንሽ ብታልፍ ነው፤ ለትልቅ ርዕስም አትበቃም። ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ ግራጫ ነው፤ የቀለም ኮዱ 777777 የሆነው ግራጫ ነጭ ላይ 4.48 ነው፣ ለጥቂት ይወድቃል፤ 767676 ግን 4.54 ሆኖ ያልፋል። በነጻ የሚለኩ መሣሪያዎች ድረ ገጽ ላይ ሞልተዋል፤ ሁለቱን ቀለም ስታስገቢ ቁጥሩን ይሰጡሻል። ዓይንሽን አትመኚ፣ አንቺ የጻፍሽውን ስለምታውቂው ይነበብልሻል።

የነርሲንግ ተማሪ ነበርኩ፦

መምህርት፣ እንደ ተማሪ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ከላይ ማንም አላነሳውም። «ደም ቅዳ ቀይ፣ ደም መልስ ሰማያዊ» ያሉት ላይ ነው።

እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው የደም ሥር ስዕሉ ላይ ሰማያዊ ስለነበረ ደም መልስ ነው ብዬ ያዝኩት። ፈተና ላይ ተሳሳትኩ፤ መልሱን ባየሁ ጊዜም ስዕሉን እንጂ መልሱን አላመንኩም ነበር። እርስዎ እንደሚያውቁት ከልብ የሚወጣ ሁሉ ደም ቅዳ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ግን ኦክስጅን ያነሰውን ደም ስለሚሸከም ሰማያዊ ይቀባል። ከሳንባ የሚመለሱት ደግሞ ደም መልስ ሆነው ቀይ ናቸው። ቀለሙ የሚናገረው ስለ ኦክስጅን ነው፤ እኛ ግን ስለ ደም ሥሩ ዓይነት የሚናገር አድርገን ወሰድነው፣ ምክንያቱም ከስዕሉ ሥር የተጻፈልን እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ እባክዎ የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ ይጻፉልን፤ ቀይ ኦክስጅን የበዛበት፣ ሰማያዊ ኦክስጅን ያነሰበት። ከዚያ በኋላ በ12ቱም ትምህርት ቀይ ያንን ብቻ ይሁን። በእኛ ኮርስ ቀይ አንድ ጊዜ የደም ቀለም፣ አንድ ጊዜ የማስጠንቀቂያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ርዕስ ነበር። እኔ ቀይ ባየሁ ቁጥር «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል» ማለት ይመስለኝ ነበር።

ቀይና አረንጓዴ የማይለይልኝ፦

የቀለም ነገር ከተነሳ እኔም ልጨምር። ቀይና አረንጓዴ ለእኔ የአንድ ቀለም ሁለት ጥላ ነው የሚመስሉኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም፤ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር ከ12 ወንዶች 1፣ ከ200 ሴቶች 1 ነው።

መምህርት፣ ስለ ክዊዝሽ አልነገርሽንም፤ ግን ብዙ ኮርስ ላይ እንደማየው ትክክለኛው መልስ አረንጓዴ፣ የተሳሳተው ቀይ ይሆናል፤ ሌላ ምልክት የለም። አንድ የሙያ ደኅንነት ኮርስ ላይ 10 ጥያቄ መልሼ ውጤቱን ሳይ 10 ተመሳሳይ ቡናማ ሳጥን ነበር የመጣልኝ። የትኛውን እንደሳትኩ ሳላውቅ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። «ትክክል» እና «ስህተት» ብሎ መጻፍ ወይም የራይትና የኤክስ ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

የልብሽ ቀይና ሰማያዊ ለእኔ ችግር የለውም፤ እነሱ ይለዩልኛል። ግን ቀስቶቹ ላይ ስም ጻፊባቸው። አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፤ ስልክሽ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ አድርጊና ትምህርትሽን እይው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የማይገባ ነገር ካለ ለእኔም ላይገባኝ ይችላል።

የአናቶሚ መምህርት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 10 ቀን ጠፋሁ፤ እየሠራሁ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት አጠገብ መቀመጥን ነው። ከተማሪዎቼ አንዷን ለመንኳት፣ በስልኳ 7ኛውን ስላይድ ከፈተች፣ እኔ ወረቀት ይዤ ከጎኗ። እውነቱን ለመናገር 4 ደቂቃ ዝም ማለት ከብዶኛል። ልጅቷ ስዕሉን በሁለት ጣት ለማጉላት ሞከረች፤ ቪዲዮ ስለሆነ አልጎላ አላት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ ድምፁን አቆመች፣ ዝርዝሩን አነበበች፣ ድምፁን ከፈተች፣ ደግሞ አቆመች። የማቆሚያውን ቁልፍ 8 ጊዜ ነካች። 9 ዓመት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ጣቴ ሰሌዳው ላይ ነበር፤ «ይኸው እዚህ ጋ» እያልኩ ነበር የማስተምረው። ወደ ኦንላይን ሳመጣው ድምፄን አምጥቼ ጣቴን ትቼዋለሁ። እሱን ነው ያየሁት።

ስዕሉን ለስድስት ከፈልኩት። ራጁና የምትመታዋ ልብ ወጥተዋል። ርዕሱ በነጭ ላይ ጥቁር ሆነ። ፊደሉ 30። የቀለሙ ትርጉም በ1ኛው ስክሪን ላይ ተጽፏል፤ ያንን የነገርሽኝ እህቴ፣ እኔ ራሴ ለ9 ዓመት ያን ስህተት ሳስተምር እንደኖርኩ ተገንዝቤ በጣም አዘንኩ። ክዊዙም በቀይና በአረንጓዴ ብቻ ነበር፤ አስተካክያለሁ። ያችው ልጅ አዲሱን ስታይ የማቆሚያውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነካች፣ እሱም 6ኛው ላይ ስሞቹን ለመገልበጥ።

አሁን ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ከቪዲዮው ጋር የሚሄደው የንባብ ገጽ ላይ ስለ ፊደል አቀማመጥ ብትመክሩኝ፤ በሁለቱም በኩል እኩል እንዲሆን አድርጌ፣ ዋና ዋናውን ሐሳብ አጋድሜ ነው የጻፍኩት። ሁለተኛ፣ ልጅቷ «የቀኙ የላይኛው ክፍል የቱ ነው?» ስላት በስዕሉ ላይ በቀኝ በኩል ያለውን አሳየችኝ። ስሙ እዚያው ተጽፎ እያለ!

ኮርስ አዘጋጅ፦

ስለ ጣት የጻፍሽውን ወስጄዋለሁ፤ ከእንግዲህ ለማሠለጥናቸው አዘጋጆች የምነግረው በእሱ ነው።

የንባብ ገጹን በግራ ብቻ አስተካክዪው፤ በቀኝ በኩል ያለው ጫፍ እንደመጣ ይሁን። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ በስልክ ጠባብ ገጽ ላይ አንድ መስመር 3 ወይም 4 ቃል ነው የሚይዘው። በሁለቱም በኩል እኩል ይሁን ስትዪው ትርፉ ክፍተት በእነዚያ 3 ቃላት መሀል ይከፋፈልና ጽሑፉ ጥርሱ እንደወለቀ ይሆናል። ዓይን ከቃል ወደ ቃል ይዘላል። ማጋደሉንም ተዪው። የላቲን ፊደል ለአጋዳሚው ለብቻው የተሳለ ቅርጽ አለው፤ የእኛን ፊደል ግን ኮምፒውተሩ ገፍቶ ነው የሚያዘነብለው፣ ስለዚህ ይጣመማል። ዋናውን ቃል ማድመቅ ይበቃል፣ እሱም በአንድ አንቀጽ አንድ ወይም ሁለት ብቻ። የመስመር ክፍተቱን 1.5 አድርጊው፤ ፊደላችን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አየር ይፈልጋል።

ፎንቱን በተመለከተ አንድ ብቻ ምረጪና በ12ቱም ትምህርት እሱው ይሁን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል፣ ስልክ ላይ በደንብ ይነበባል። የቆዩ ማስታወሻዎችሽ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን በአንድ ዓይነት ከሚያውቁበት የጋራ ደረጃ) በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ ከሆነ ግን ገልብጠሽ አትለጥፊ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ቀድሞ የነበሩት ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ፎንቱ የሌለው ተማሪ ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ያያል።

የቀኝና የግራውን ግን የነርሲንግ ተማሪ ለነበረችው እህታችን እተወዋለሁ።

የነርሲንግ ተማሪ ነበርኩ፦

መምህርት፣ ልጅቷ አልተሳሳተችም። ስሙ ቢጻፍም ዓይኗ ያየው ቀኝ የራሷን ቀኝ ነው። ስዕሉ ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ልብ ስለሆነ የእሱ ቀኝ በእኛ ግራ ይወድቃል። ይህን በቃል ነግረውን ነበር፤ አልያዘልንም።

እኔን የያዘልኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያደረገችው ነው። ፊቴ ቆማ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና «አሁን የኔን ቀኝ አሳዪኝ» አለችኝ። እርስዎም ከ1ኛው ስክሪን በፊት አንድ ይጨምሩ። ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ሰው ከወገቡ በላይ፣ ሌላ ምንም የለም። በእኛ ግራ በኩል ባለው እጁ ላይ «የታካሚው ቀኝ» ተብሎ ይጻፍ። ልቡ ደረቱ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ይታይ፤ ከዚያ ሰውዬው እየደበዘዘ ልቡ እያደገ 1ኛው ስክሪን ላይ ያለውን ቦታ ይያዝ። እዚህ ላይ እንቅስቃሴው ሥራ አለው። «የታካሚው ቀኝ» የሚለው ጽሑፍ ግን በስድስቱም ስክሪን ጥግ ላይ ሳይነሳ ይቆይ።

የአናቶሚ መምህርት፦

ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ፤ ልጅቷም ነገ ከሰዓት ልትመጣልኝ ቃል ገብታለች። ከዚያ 4ኛው ትምህርት አለ፣ ኩላሊት። አሁን ከፍቼ አየሁት፤ 19 ቁጥሮች አሉበት።